የባለቤቴ ጥርስ፣ የልጅ ልጄ ትራምፔት

መጀመሪያ ላይ ጎረቤቶቻችን በግ የገዛን መስሏቸው ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ስለቀረው አልፈረድኩባቸውም፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በግ አስሮ ማሳደር እኛ ግቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከታች ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አራስ አንድ ማለዳ በሠራተኛዋ በኩል፣ «ሲስተር፣ በጋችሁ ታሟል መሰለኝ፤ ሳይሞትባችሁ እረዱት» ብላ ላከችብኝ።

ታሟል የተባለው በግ የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ለበዓል ቤት ስናጸዳ ከአልጋዬ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ሲከፍተው የአያቱ ትራምፔት ቀይ ከፋይ ላይ እንደተኛ ነው። ወርቃማው ቀለም እጅ በሚያርፍበት በኩል ተልጦ ነሐሱ አረንጓዴ አውጥቷል። ሦስቱ ፒስተኖች ደርቀው አንዱም ወደ ታች አልወርድ ብሏል። ልጁ ግን ይሄ አላሳሰበውም። አንስቶ አፉ ላይ ለጠፈውና ነፋ። ያ ነው እንግዲህ የበጉ ድምፅ።

እኔ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «አስቀምጠው!» ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ከ20 ዓመት በፊት ይህንኑ ቃል ለአያቱ ተናግሬው ነበርና ዋጥኩት። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለቤቴ የሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር። በ16 ዓመቱ ነው በአንድ ክፍለ ጦር የማርሽ ባንድ ውስጥ የገባው። በአገራችን የነሐስ መሣሪያ ታሪክ ከወታደር ቤት አይለይም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ስለመጡት መሣሪያዎች፣ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ስላስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችና ስለ መሪያቸው ስለ ኬቮርክ ናልባንዲያን ባለቤቴ ሳይሰለቸው ያወራልኝ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር እያሉ የመጡት ኦርኬስትራዎች ሁሉ ለእሱ የዚያ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው። የእሱ ባንድ ያን ያህል ስም ያለው አልነበረም፤ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ሲሰቀልና ቀብር ላይ ነበር የሚነፋው። ትራምፔቱ ግን የግሉ ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ላይ በየወሩ እየከፈለ ገዝቶታል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ዩኒፎርሙን አስረክቦ ያን ሣጥን በብብቱ አድርጎ ቤት ገባ። ከዚያ ማታ ማታ መጋዘን እየጠበቀ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ እየነፋ ልጆቻችንን አሳደግን።

ወደ ልጁ ልመለስ። ፒስተን ባይሠራም ትራምፔት ጨርሶ ዱዳ አይሆንም፤ ክፍት እንደሆነ የሚሰጣቸው ጥቂት ድምፆች አሉት። እነሱን ለማውጣት ሲታገል ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ትከሻው ጆሮው ሊደርስ ምንም አልቀረው። የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል፣ ጉንጮቹ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል። አራት አምስት ጊዜ ከነፋ በኋላ ዓይኔን ጨለመኝ ብሎ ሶፋው ላይ ዘጭ አለ። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። ትከሻውን እያነሳ የሚተነፍስ ሰው ግን ከበቂ በላይ አውቃለሁ።

በነርስነት 34 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ሆዱ የተከፈተ ሕመምተኛ ቁስሉን ስለሚፈራ በደረቱ አናት ብቻ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር አጥቶ ይጨማደድና አክታ ይከማችበታል፤ ቀናት ሳይቆዩ ትኩሳት ይመጣል። የሳንባ ምች ማለት ነው። ስለዚህ የማለዳ ሥራችን መርፌና ኪኒን ብቻ አልነበረም። እጄን ሆዱ ላይ አሳርፌ፣ «እጄን በትንፋሽህ ወደ ላይ አንሣልኝ» እላለሁ። ትራስ አስታቅፌ አስለዋለሁ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ባልነበረን ጊዜ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርገን፣ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጠን፣ በዚያ አረፋ ያስነፋን ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ሕፃን አጫወትሽን ብለው ይቆጡ ነበር። የተቆጡትም ያላኮረፉትም ነፍተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲተነፍስ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። በሙሉ ኃይሉ ስቦ ያንኑ አሟጦ ቢያስወጣ ከሦስት እስከ አምስት ሊትር ይሆናል። ያ ሁሉ ቦታ የሚገኘው ትከሻ በማንሳት አይደለም። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ እሱ ሲወርድ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል፣ የጎድን አጥንት በጎንና በጀርባ በኩል ይሰፋል። ልጁ በስልኩ የሚያያቸው የትራምፔት መምህራን «ከድያፍራምህ ንፋ» ይላሉ። ይሄ ነርስ ያስቃል። ድያፍራም አየር የሚያስገባ ጡንቻ እንጂ የሚያስወጣ አይደለም፤ ስንነፋ እየላላ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ገፊዎቹ የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው። ምናልባት መምህራኑ ለማለት የፈለጉት ሌላ ነው። ለልጅ ግን ያልሆነ ቦታ እንዲያጠብቅ መንገር ነው፤ ሆዱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ጉሮሮውን ይዘጋል።

ስለዚህ ትራምፔቱን ወደ ሣጥኑ መለስንና ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፌ በጀርባው አስተኛሁት። የባዮሎጂ መጽሐፉን እምብርቱ ላይ አስቀመጥኩ። «በአፍህ 'ኦ' እንደምትል ጉሮሮህን ከፍተህ ሳብ፤ መጽሐፉ ይነሣ፣ ደረትህ ዝም ይበል።»

«እማማ፣ እኔ ትራምፔት ነው የምማረው።»

«እኔም ትራምፔት ነው የማስተምርህ» አልኩት። ዓይኔን አላሸሁም።

ከዚያ የድሮውን ጠርሙስ አመጣሁለት። አሁን ጠርሙሱ ሃይላንድ ሆኗል፤ ቱቦውን ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ፣ የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ አራት ጣት ያህል ገባ። ደንቡ ቀላል ነው፦ አረፋው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይውጣ። መጀመሪያ ላይ ጎርፎ በኋላ የሚንጠባጠብ ከሆነ አየሩን ገና ሲጀምር ጨርሶታል ማለት ነው። የደረት ሰዓቴን፣ የልብ ምት የምቆጥርበትን፣ ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን 6 ሰከንድ። ራሱን ሲያዞረው እንዲያቆም ነገርኩት፤ ቶሎ ቶሎ በኃይል የሚያስነፍስ ሰው ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ያወጣና ይዞረዋል፣ ጣቱንም ይነዝረዋል። በሽታ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ በዝግታ መተንፈስ ይበቃዋል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 13 ሰከንድ ደረሰ። እኔም በነርስነቴ ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። አየሩ ሞልቶ ትራምፔቱን ሲያነሣ ድምፁ ይረዝማል እንጂ አያምርም። ውስጡ «ሽሽሽ» የሚል ነገር አለ፣ ክዳኑ በደንብ እንዳልገጠመ ድስት። ከፍ ያለውን ድምፅ ለማውጣት ማውዝፒሱን፣ ማለትም ከንፈር ላይ የሚያርፈውን ጽዋ መሰል ጫፍ፣ በኃይል አፉ ላይ ይጫነዋል። ሲያወርደው ከንፈሩ ላይ ቀይ ቀለበት ይታያል። አንድ ቀን የላይኛው ከንፈሩ ከውስጥ ደማ። በረዶ ያዝኩለት፣ ቅባት ቀባሁለት። ቁስሉን አከምኩ፣ ምክንያቱን ግን አላወቅሁም። ሥራዬ ላይ ሆኜ ይህን ያደረገች ጀማሪ ነርስ ብትገጥመኝ እቆጣት ነበር።

ያኔ ነው የባለቤቴ የባንድ ጓደኛ ትዝ ያሉኝ። ቤተሰቡ ሁሉ መቶ አለቃ ነው የሚላቸው፤ ሰባዎቹን ተሻግረዋል። ከለቅሶው በኋላ ብዙም አልተገናኘንም። ስደውልላቸው ምንም አልጠየቁኝም፤ «ነገ እመጣለሁ» ብቻ አሉ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ በፌስታል ዘይትና ጨርቅ ይዘው መጡ።

ሣጥኑን ሲከፍቱ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ለብ ያለ ውሃና ሳሙና በሳፋ አዘዙኝ። ፒስተኖቹን ነቅለው ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ቱቦው ውስጥ ያለውን ዝቃጭ ሳይ የማጅራት ገትር ክፍል የገባሁ መሰለኝና ጓንት ላምጣ ብል ሳቁብኝ። ከትራምፔት ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለው ነገር ምራቅ ነው ብዬ ስጸየፍ ነው የኖርኩት። እሳቸው እንዳስረዱኝ አብዛኛው የትንፋሽ እንፋሎት ብርድ ሲያገኘው የሚሆነው ውሃ ነው፤ መስተዋት ላይ ሲተነፍሱ እንደሚያርፈው። ባለቤቴ ይህን ምንጣፌ ላይ ሲያንጠባጥብ ስንት ጊዜ እንደጮህኩበት ልቁጠር ብል አልችልም።

ልጁ አሁን ይነፋል ብዬ ስጠብቅ ትራምፔቱን ወደ ጎን አደረጉት።

«ይሄ ድምፅ የለውም» አሉት። «ቱቦ ነው። ቢዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ቱቦ። ድምፁ ያለው እዚህ ነው» ብለው በሌባ ጣታቸው የልጁን ከንፈር ነካ አደረጉ። «ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦው ያጎላዋል። ከንፈርህ ካልተንቀጠቀጠ አየሩ ብቻ ያልፋል፤ ያ ነው ሽሽሽ የሚልህ።»

መጀመሪያ ከንፈሩን 'ም' እንደሚል እንዲገጥም አደረጉት። የአፉ ሁለት ጥግ ጠበቅ፣ መሐሉ ለስላሳ፣ አገጩ ዝርግ። ልጁ ከንፈሩን ለጥጦ ፈገግ ሲል፣ «ፎቶ አናነሳህም» አሉት። ከንፈር ሲለጠጥ ይሳሳል፣ የሳሳ ከንፈር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ጉንጩን ሲነፋ ደግሞ፣ «ዲዚ ጊሌስፒ ጉንጩን ነፍቶ ዓለም አጨብጭቦለታል። አንተ መጀመሪያ ዲዚ ሁን» አሉት። ከዚያ ማውዝፒሱን ብቻ ሰጡት። በሁለት ጣት ጭራው ላይ ያዝ፣ አትጫነው፣ ጢንዚዛ ሁን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ጢንዚዛ ሲዞር ዋለ። አራሷ ይህን ጊዜ ምን እንዳሰበች እንጃ።

ስለ መጫኑ የነገሩት ነገር ነው እኔን ያነቃኝ። ማውዝፒሱ ከንፈርን ከጥርስ ጋር ሲያጣብቀው ደም አይዘዋወርም፤ ደም ያጣ ከንፈር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ከንፈር አልንቀጠቀጥ ሲል ነፊው የባሰ ይጫናል። ሳዳምጣቸው ሌላ ምንም አልታየኝም፤ የአልጋ ቁስል ነው። ወገቡን ማንቀሳቀስ የማይችል ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጠው ለምንድን ነው? አጥንትና ፍራሽ መሐል የተያዘ ሥጋ ደም አጥቶ ስለሚሞት አይደል? «ስለዚህ ማረፍ አለበት» አልኩ ሳላስበው። መቶ አለቃው ዞረው አዩኝ። «የነፋኸውን ያህል እረፍ ነው ደንቡ። አንድ ደቂቃ ነፍተህ አንድ ደቂቃ ታወርዳለህ። ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ሉዊ አርምስትሮንግን ያህል ሰው ከንፈሩን በዚህ ጎድቶ ለወራት መንፋት አቁሞ ነበር አሉ፤ የከንፈር ዙሪያ ጡንቻ ሲሰነጠቅ በሕክምናው ዓለም በእሱ ቅጽል ስም የሳችሞ ሕመም እንደሚባል ያወቅሁትም ከዚያ በኋላ ሳነብ ነው።

ከዚያ ልጁን ጥርስህን አሳየኝ አሉት። አገጩን ይዘው ወደ መስኮቱ አዙረው እንደ ፈረስ ገዥ መረመሩት። «ጥሩ ነው። የላይኞቹ እኩል ናቸው፣ ማውዝፒሱ የሚያርፍበት ግድግዳ ደህና ነው። አያትህም እኮ ያችን ጥርስ ባያስነቅል ኖሮ…» ብለው አቆሙ። ወደ እኔ አላዩም። ፒስተኑን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ።

«የትኛዋን ጥርስ?» አልኩ። የትኛዋ እንደሆነች ግን አውቃለሁ።

1993 ዓ.ም. ነው። የላይኛው የፊት ጥርሱ ድድ አብጦ መግል ቋጠረ። እኔው ራሴ ወደምሠራበት ቦታ ይዤው ሄድኩ፣ ካርድ አወጣሁለት። የጥርስ ሐኪሙ ሥሩን አክሞ ማቆየት ይቻላል፣ ብዙ ቀን ያመላልሳል፣ ወይም ይነቀል አለን። እኔ ቸኳይ ነበርኩ፤ ኢንፌክሽን ሥጋ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ። «አንድ ጥርስ ምን ያደርግልሃል፣ ይነቀልና ይለይለት» አልኩ። እሱ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን እኔ ባልደረቦቼ ፊት ነኝና ዝም አለ። ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ። «ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «ጥበቃ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፣ ደሞዝ የሚከፈለው በጥበቃነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ያ ሽሽሽታ መጣ። ሠርግ ላይ ከፍ ያለው ቦታ ሲደርስ ይሰበርበት ጀመር፣ ቤት ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ የሰማሁት ትንፋሽ ሲያመልጥ ነው፤ ነርስ ስለሆንኩ ደረቱን ጠረጠርኩ። ራጅ አስነሣሁት፣ ንጹሕ ነው። ደም ግፊቱን ለካሁ፣ 150 በ95። «ይኸውልህ» አልኩት፤ «ዕድሜህ ነው፣ ይሄ ነገር ግፊትህን እያባሰብህ ነው። አስቀምጠው።» 51 ዓመቱ ነበር። አስቀመጠው። በእርግጥ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ጉሮሮውን ዘግቶ በኃይል እንዳይነፋ መምከር ስሕተት አይደለም፤ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ያለበትም ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ከፍተኛ ድምፅ ባይነፋ እመርጣለሁ። ግን የእሱ ነገር ያ አልነበረም። ድምፁ የተለወጠው ጥርሱ በተነቀለ በሳምንቱ ነው፤ ቀኑ ካርዱ ላይ በእጄ ጽሑፍ አለ።

መቶ አለቃውን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፒስተኑን አስቀመጡና ነገሩኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ቤት እየሄደ ሞክሯል። ማውዝፒሱን ወደ ግራ አዛውሮ፣ ክፍተቱን ትቶ ከጎን ጥርሱ ላይ አሳርፎ እንደ አዲስ ሊጀምር። ማታ ማታ መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ከንፈሩን «ብዝዝ» ሲያደርግ እሰማው ነበር፤ እኔ የሚጸልይ ነበር የመሰለኝ። ክፍተቱን ሊያስሞላ ገንዘብ መቆጠብም ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ የትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት ክፍያ መጣ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ለሲስተር እንዳትነግራት አለኝ። ለእኔ ብላ ነው ያስነቀለችው፣ ካወቀች ታዝናለች አለኝ።» ከዚያ መቶ አለቃው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው የላይኛውን አራት ጥርስ በአንድ ላይ አወጡና መዳፋቸው ላይ አሳዩን። ልጁ ከሶፋው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «እኔም ወልቀውብኛል፤ ይሄንን አስገጥሜ ሁለት ዓመት ከታችኛው ድምፅ ጀምሬ እንደ ሕፃን ዳዴ አልኩ። ተመለሰልኝ። የእሱም ይመለስ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን ጊዜ አላገኘም።» ጥርሱ ሲወጣ ንግግራቸው ስለሚንተባተብ የመጨረሻውን ነገር ደግመው ነው የተናገሩት።

እኔ ቡና ላፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ቡናውን አሳረርኩት፤ ሁለተኛ ቆላሁ።

ባለቤቴ በ2008 ዓ.ም. ነው ያረፈው፣ 66 ዓመቱ ነበር። እኔ አሁን እዚያ ዕድሜ ላይ ነኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ስንት ካርድ ሞላሁ! ያን «ሥራ» የሚለውን መስመር ሁልጊዜ በችኮላ ነበር የማልፈው፤ ስምና ዕድሜ ይበቃል፣ የቀረው ለወረቀቱ ነው እል ነበር። ልብስ ሰፊው ጣቱን ሲቆርጥ፣ ዘማሪዋ ጉሮሮዋን ስትታከም፣ ነፊው ጥርሱን ሲያስነቅል አንድ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ዋሽንትም ይሁን ሳክስፎን፣ በአፉ የሚነፋ ሰው ካለ ጥርስ ቤት ስትሄዱ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። የሚነቀለው ጥርስ የማይቀር ቢሆን እንኳ ሐኪሙ የሚተካውን አስቀድሞ ያስባል፤ ጥርሱ ሳይነቀል የአፉን ልክ ሊወስድለትም ይችላል።

መቶ አለቃው አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። ክፍያ አይቀበሉም፤ ምሳ ግን ይበላሉ፣ በደንብ። ልጁ በቀን 40 ደቂቃ ይሠራል። አንድ ሦስተኛው የእኔ ነው፣ መጽሐፍና ሃይላንድ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ጢንዚዛ። ከዚያ ረጅም ድምፅ፦ ከመካከለኛው ሶል ይጀምርና ፀጥ ካለ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ያጎላዋል፣ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፣ ሳይንቀጠቀጥና ሳይሰበር። ከዚያ ያወርደዋል፣ ያርፋል፣ ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደገና። ከፍ ያለው ድምፅ በግድ አይጎተትም። ሲወጣ ምላሱ ብቻ አፉ ውስጥ 'ታ' ከሚልበት ወደ 'ቲ' ከፍ ይላል፣ አየሩ ይፈጥናል፣ ክንዱ ግን አይጫንም። መጫኑን የምንፈትንበት ዘዴ መቶ አለቃው አሳይተውናል፦ ትራምፔቱን በዝርግ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ በጣቶቹ ሳይዝ፣ ይነፋል። በኃይል ከተጫነ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ላይ አንድም ድምፅ አልወጣለትም ነበር።

ለጎረቤት ሲባል ደግሞ ቁም ሣጥኑን ከፍተን፣ ጋቢና ኮት ወደተሰቀለበት አዙረን ነው የምናስነፋው፤ ጨርቁ ድምፁን ይውጠዋል። ከአራሷ ጋር በሰዓቱ ተስማምተናል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11፣ ሕፃኑ ሲነቃ። ለስለስ አድርጎ መሥራቱ ደግሞ ለከንፈሩ ይሻላል ይላሉ መቶ አለቃው፤ መጮኽ ማንም ይችላል።

እኔ የማደርገው መዝገብ መያዝ ነው። እንደ ሕመምተኛ ቻርት ሠንጠረዥ አሠመርኩለት፦ ቀን፣ ሰከንድ፣ ከንፈር። «ከንፈር» በሚለው ሥር «ቀይ ቀለበት፣ ትንሽ» ወይም «ደህና» ብዬ እሞላለሁ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ያ ሽሽሽታ ድንገት ጠፋ። ድምፁ ክብ ሆነ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ሰዓቴን ልመልከት ብዬ እጄን ስጠርግ አለፈ፤ ስለዚህ የዚያ ቀን የሰከንድ ሣጥን ባዶ ነው። ልጁ ራሱ ደንግጦ ከቁም ሣጥኑ መሐል ጭንቅላቱን አወጣና፣ «እማማ፣ ሰማሽው?» አለኝ። በማግስቱ ፈልገን አጣነው። በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሄደ። አሁን በአብዛኛው አለ። 22 ሰከንድ ደርሷል፣ ከንፈሩ ከደማ ሦስት ወር አለፈው።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር አለ። ልጁ ትምህርት ቤት ኳስ ይጫወታል፣ ያውም በረኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ክርን አፉ ላይ አርፎበት ከንፈሩ አብጦ መጣ። ጥርሱን አንድ በአንድ እየነካሁ ቆጠርኩ፣ ሁለት ጊዜ። ለቦክሰኞች የሚሆን የጥርስ መከላከያ ገዝቼ አመጣሁለት። ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብሎ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል። እናቱን አማላጅ ልካብኛለች፤ መቶ አለቃውም በእሱ ወገን ናቸው፤ ልጅ ነው፣ ይጫወት ይላሉ። ቅዳሜ ሲመጡ እንደገና እንነጋገርበታለን።